ዘይት የሚበላ ሞተር፦ ከመስኖ ማሳ እስከ መናኸሪያ

የአጎቴ የውኃ መሳቢያ ሞተር የቆመው ሽንኩርቱ ራስ መያዝ በጀመረበት ሳምንት ነበር። ማለዳ ቤንዚን ሞልተው የማስነሻ ገመዱን ቢስቡት አልንቀሳቀስ አላቸው። ካንዴላውን ፈትተው አጸዱ፤ ቤንዚኑን ገልብጠው ሌላ ሞሉ፤ ገመዱ ግን ፍንክች አላለም። ከወረዳው ከተማ የመጣው መካኒክ ሞተሩን ሲፈታው ከሥሩ ያገኘው ዘይት አንድ ሲኒ የማይሞላ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዝቃጭ ነው። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። አጎቴ ስለ ዘይቱ ሲጠየቁ፣ ትዝ ሲላቸው ከላይ እንደሚጨምሩ እንጂ ሞተሩን ከገዙ ጀምሮ ለውጠውት እንደማያውቁ ተናገሩ። ማሳው ዘጠኝ ቀን ውኃ ሳያገኝ ቆየ። የጎረቤት ሞተር ተራው ደርሶ እስኪለቀቅላቸው ድረስ ከሽንኩርቱ ብዙው ጠውልጎ ነበር።

የከተማው ባለ መኪናም ከዚህ የራቀ ታሪክ የለውም። ከሾፌሩ ወንበር ሥር ትርፍ ዘይት ሳይዝ ከመናኸሪያ የማይወጣ ሚኒባስ፣ ጠዋት ሲነሳ ሰፈሩን በሰማያዊ ጭስ የሚሸፍን አሮጌ አውቶሞቢል፣ በየጊዜው ካንዴላ የሚቀየርለት ባጃጅ ለማናችንም እንግዳ አይደሉም። ባለቤቶቻቸው ሲጠየቁ መኪናው ትንሽ ዘይት ከመብላቱ በቀር ደኅና መሆኑን ይናገራሉ። ከበሽታ ጋር መላመድ እንደ ጤና ተቆጥሯል ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሙግት አጭር ነው። ዘይት መብላት ሞተሩ ከመቆሙ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማስጠንቀቂያውም በቁጥር ሊለካ ይችላል። እኛ ግን አንለካውም። ባለመለካታችን በቀላል ጥገና መዳን የሚችለው ሞተር ይሞታል፤ ሞተሩን የሸጠው ነጋዴም ሆነ የጠገነው ጋራዥ የሚጠየቅበት ማስረጃም አይኖርም።

ጉዳዩ ዛሬ ከትናንት የሚከብድበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ግብይቱ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሞተር ዘይቱም ሆነ መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ የምንዛሪው ለውጥ ጋራዥ ድረስ ይዘልቃል። እነዚህ ውሳኔዎች ትክክል ናቸው አይደሉም የሚለው የሌላ ጊዜ ክርክር ነው። ለባለ መኪናው ግን ትርጉማቸው አንድ ነው፤ አሁን በእጁ ያለው ሞተር ከታሰበለት ዕድሜ በላይ መኖር አለበት።

ሞተር ዘይቱን እንዴት ይጨርሳል? የመጀመሪያው መንገድ መፍሰስ ነው። ይህ መሬት ላይ ምልክት ስለሚተው በቀላሉ ይታወቃል፤ ሌሊቱን ከሞተሩ ሥር የተነጠፈ ካርቶን ጠዋት እውነቱን ይናገራል። ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ዘይቱ ከጎደለ ግን ዘይቱ የሚነደው ሞተሩ ውስጥ ነው። በፒስተኑ ዙሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የብረት ቀለበቶች አሉ፤ ጋራዦች ፋሻ ይሏቸዋል። የላይኞቹ ሁለቱ ፍንዳታው የሚፈጥረውን ግፊት ያፍናሉ፤ የታችኛው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ጠርጎ ወደ ታች ይመልሳል። ዘይቱ ሳይለወጥ ሲቆይ ይጠቁራል፤ ጥላሸቱም በታችኛው ፋሻ ዙሪያ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ያን ጊዜ ፋሻው በቦታው ቢኖርም መጥረጉን ያቆማል፤ ዘይቱም ከነዳጁ ጋር አብሮ ይነዳል። ሌላው መግቢያ በቫልቮቹ ግንድ ላይ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ናቸው፤ በሙቀት ብዛት ደርቀው ሲሰነጠቁ ዘይት ከላይ ያንጠባጥባሉ። (ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የሚሞላለት የድሮው ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት እንዲያነድ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ እዚህ አይቆጠርም።)

ሁለቱን ለመለየት ሁልጊዜ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። ለቤንዚን መኪና ከአባይ በረሃ የተሻለ መፈተሻ አላውቅም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወረድ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አንሥቶ በማርሽ ሲወርድ የአየር መግቢያው ይዘጋል፤ ሞተሩም ያጣውን አየር ባገኘበት ቀዳዳ ሁሉ መምጠጥ ይጀምራል። የቫልቭ ጎማው ያረጀ ከሆነ ዘይት በዚያ በኩል ይሳባል። ድልድዩ አካባቢ ደርሶ ነዳጅ ሲረገጥ አንድ ጊዜ ቦግ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ ከታየ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ጎማ ያመዝናል። ወደ ደጀን የሚወስደውን ዳገት ሲወጣ ሳያቋርጥ የሚጨስ ከሆነ ግን ፋሻውን ወይም የሲሊንደሩን ግድግዳ መጠርጠር ይገባል። ይህ ልዩነት የገንዘብ ልዩነት ነው። የቫልቭ ጎማ መቀየር ሞተር ከማውረድና ፋሻ ከመቀየር ጋር በወጪ አይወዳደርም፤ ይሁን እንጂ ጭስ በታየ ቁጥር ሞተር እንዲወርድ የሚመክር ጋራዥ ጥቂት አይደለም።

ጭሱ ነጭ ሆኖ የራዲያተሩ ውኃ ከጎደለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ መኪናውን ወዲያውኑ ማቆም ይገባል። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ወይም የአየር መጥበብ ምልክት ነው።

ጥርጣሬን ወደ እርግጠኝነት የሚያቀርበው የኮምፕሬሽን መለኪያ ነው። ካንዴላው ወጥቶ በቦታው መለኪያው ይገባል፤ ሞተሩ ሲዞር የሚፈጥረው ግፊትም ይመዘገባል። ግፊቱ ዝቅ ካለ በሲሊንደሩ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ዘይቱ ፋሻውንና ግድግዳውን ለጊዜው ስለሚያፍን ሁለተኛው ልኬት ከፍ ካለ ችግሩ እዚያ ነው፤ ካልተለወጠ ግን ቫልቮቹን ማየት ይገባል። ሥራው የደቂቃዎች ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ በጥላሸት የተያዘው የታችኛው ፋሻ ብቻ ሲሆን ኮምፕሬሽኑ ደኅና ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ልኬቱን ከዘይቱ መጉደል ጋር አብሮ ማንበብ ይገባል።

ወደ ማሳው እንመለስ፤ የገጠሩ ሞተር የሚጎዳበት መንገድ ከመኪናው ይለያልና። አርሶ አደሮቻችን በብዛት የሚጠቀሙባቸው ከ5 እስከ 7 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ባለ አራት ምት የቤንዚን ሞተሮች የሚይዙት ዘይት 0.6 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ከአምራቾቻቸው መመሪያ እንደምንረዳው አዲስ ሞተር የመጀመሪያ ዘይቱን በ20 የሥራ ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ መለወጥ አለበት። የአየር ማጣሪያው በየ50 ሰዓቱ፣ አቧራ በበዛበት ቦታም ቀደም ብሎ ይጸዳል። 100 ሰዓት ሲባል ብዙ ይመስላል። በበጋ መስኖ ወራት በቀን 10 ሰዓት ለሚሠራ ሞተር ግን 100 ሰዓት አሥር ቀን ናት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ መኪና ብንመነዝረው አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አንድን ሞተር ሙሉ የመስኖ ወቅት በአንድ ዘይት ማሠራት መኪናን ዘይት ሳይለውጡ በአሥር ሺዎች ኪሎ ሜትር እንደመንዳት ነው፤ ይህን የሚያደርግ ባለ መኪና ብናይ በጅልነቱ እንስቅበት ነበር።

አነስተኛ ጉድለትም እዚህ ትልቅ ነው። በሰዓት 10 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚያነድ ሞተር በቀን 100 ሚሊ ሊትር ያጣል፤ በሦስተኛው ቀን ማታ ከያዘው ዘይት ግማሹ የለም። በዚህ ላይ ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ዘይት የሚገፋ ፓምፕ የላቸውም። ከታች የተኛውን ዘይት እንደ ማንኪያ ያለች ብረት እየቀዳች ወደ ላይ ትረጨዋለች። ሞተሩ በወንዝ ዳር ተንጋዶ ከተቀመጠ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ብረቷ አየር ትቀዳለች፤ በቂ ዘይት እያለም ሞተሩ ሊደርቅ ይችላል። አንዳንዶቹ ዘይት ሲያንስ በራሳቸው እንዲጠፉ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ አላቸው፤ ሞተሩ በየመሀሉ እየጠፋ አስቸገረ ተብሎ የመቆጣጠሪያው ሽቦ ሲቆረጥ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሁሉ የከፋው ጠላት አቧራ ነው። በግብርና ኮሌጅ የሜካናይዜሽን ትምህርት ስንማር መምህራኖቻችን ከዘይቱ በፊት የሚያስፈትሹን የአየር ማጣሪያውን ነበር፤ ያን ጊዜ ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። በተቀደደ ማጣሪያ የሚገባ አፈር ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፋሻውንና ግድግዳውን ይሞርዳል። በአንድ የመውቂያ ወቅት የደረሰ ጉዳት በሚቀጥለው ዓመት ዘይት መብላት ሆኖ ይገለጣል፤ ባለቤቱም ምክንያቱን ከትናንቱ ዘይት ወይም ቤንዚን ላይ ይፈልጋል።

በገጠርም በከተማም የሚሰማ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ በየጊዜው አዲስ ዘይት ስለሚጨመር መለወጥ አያስፈልግም የሚል። በቀን 150 ኪሎ ሜትር እየተመላለሰ በወር 26 ቀን የሚሠራ ሚኒባስ 3 ሺህ 900 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በየሺህ ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር የሚበላ ከሆነ በወር አራት ሊትር ገደማ ተጨምሮለታል፤ ይህም ሞተሩ የሚይዘውን ያህል ሊሆን ይችላል። ታዲያ ተለውጧል ማለት አይደለምን? አይደለም። የሚነደው ዘይቱ ነው፤ የብረት ብናኙ፣ ጥላሸቱና አሲዱ አብዛኛው ከሥር ይቀራል፤ የተደፈነው ፊልትሮም ያው ነው። አዲሱ ዘይት የሚፈስሰው በቆሸሸው ላይ ነው። በናፍጣ ሞተር ደግሞ ተቃራኒው አደጋ አለ፤ ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየሾለከ መጠኑን ሊያሳድገው ይችላል። ዘይቱ በመለኪያው ላይ ከፍ ብሎ የናፍጣ ሽታ ካመጣ ሙሉ ነው ብሎ መደሰት አይገባም፤ ቀጥኖ ብሮንዚን ማዳን የማይችል ዘይት ሆኗል።

ወፍራም ዘይት መጠቀምስ? በተበላ ሞተር ላይ የዘይቱን መንደድ ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል፤ ብዙ ሾፌሮች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው፤ አልነቅፋቸውም። ሆኖም በደብረ ብርሃን ብርድ ማለዳ ወፍራም ዘይት ወደ ሞተሩ ራስ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ በእነዚያ ሰኮንዶች ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ለሽያጭ የቀረበ መኪና ጭስ በወፍራም ዘይት ለጥቂት ቀናት ሊደበቅ መቻሉ ነው። መኪና ገዢ ሞተሩ ሞቆ ከቀረበለት እንዲቀዘቅዝ ጠይቆ፣ በማግሥቱ ማለዳ ሲነሳ በዓይኑ ቢያየው ይሻላል።

መለካት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት በሀገራችን መንገዶች በብዛት የምናያት ቶዮታ ትጥቀመን። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2011 በተመረቱ አንዳንድ የካምሪ፣ የራቭ ፎር፣ የኮሮላና ሌሎች ሞዴሎቹ ላይ የገጠመው ባለ 2.4 ሊትር 2ኤዜድ-ኤፍኢ ሞተር በርካታ አሜሪካውያንን በዘይት መብላት አማርሯል። ጥፋቱ በፒስተኑና በፋሻው ላይ ነበር። ኩባንያው ውሎ አድሮ በአሜሪካ መደበኛው ዋስትና ካለፈ በኋላም ፒስተንና ፋሻ በነጻ የሚቀይርበት መርሐ ግብር ዘረጋ። ጥገናውን ለማግኘት ግን ቅሬታ ብቻ አልበቃም። ዘይቱ ተሞልቶ ይታሸጋል፤ መኪናው 1 ሺህ 200 ማይል ማለትም 1 ሺህ 930 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል፤ ከዚያ ይለካል። ጉድለቱ ከአንድ ኳርት፣ በእኛ አቆጣጠር ከ0.95 ሊትር ገደማ ከበለጠ ጥገናው ይፈቀዳል። ይህ በሺህ ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር አካባቢ ነው። እዚህ ደኅና ነው የምንለው ስንቱ መኪና ይህን ወሰን ያልፍ ይሆን?

እኛ ዘንድ ያገለገለ መኪና የሚሸጥለት ሰው ያን የመሰለ ዋስትና የለውም፤ ሕግ ግን ጨርሶ ባዶ እጁን አልተወውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ በሸጠው ዕቃ ላይ ላለ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ነጋዴ በሚሸጠው ዕቃ ላይ መለያ እንዲኖርና ደረሰኝ እንዲሰጥ ግዴታ ጥሎበታል። በገበያችን ግን መለያው በጠፋ ጀሪካን ዘይት ይሸጣል፤ ጋራዦችም ፋሻ ቀይረው ያለ አንዳች ጽሑፍ ያሰናብታሉ። ሞተሩ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ ቢጨስ መካኒኩ በሾፌሩ አነዳድ፣ ሾፌሩ በመካኒኩ ሥራ ያመካኛሉ። በዚህ ክርክር መሀል የተጻፈ ቁጥር ቢኖር ኖሮ ነገሩ አጭር በሆነ ነበር።

ስለዚህ መፍትሔው ከየት ይጀምር? ሁሉም ባለ መኪና ሞተሩን አውርዶ ያሳድስ ማለት ከኑሮው ጋር መቀለድ ነው። ለጋራዦች ግን የሚጠየቀው ብዙ አይደለም፤ ፋሻ የቀየረ ጋራዥ ዘይቱን ሞልቶ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ በደረሰኙ ላይ ጽፎ፣ መኪናው ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሶ እንዲለካ ቢያደርግ ራሱንም ይጠብቃል። በየከተማው ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የአውቶሞቲቭ ክፍሎች ያገለገለ መኪና ከመሸጡ በፊት በመጠነኛ ክፍያ ኮምፕሬሽን ቢለኩ ሠልጣኞቻቸው ልምድ፣ ገዢዎች ማስረጃ ያገኛሉ። ለገጠሩ ግን ከሁሉ በላይ ተስፋ የምጥለው በኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ ነው። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የግብርና ሜካናይዜሽንና የመስኖ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ ፈቅዷል፤ ሞተሩ ወደ ማሳ የሚወስደው መንገድ ተጠርጓል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያከፋፍለው ማኅበር የታሸገና መለያ ያለው ዘይት፣ የአየር ማጣሪያና ካንዴላ በአንድነት ቢያቀርብ አርሶ አደሩ በገበያ ቀን ከማያውቀው ጀሪካን አይቀዳም ነበር። የተለወጠውን ዘይትም በማሳ ዳር ከመድፋት የሚያድን መሰብሰቢያ በርሜል እዚያው ቢኖር መልካም ነው፤ በወንዝ ዳር የፈሰሰ ዘይት ተመልሶ የሚመጣው በምንስበው ውኃ ነውና።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ለባለቤቱ የሚቀረው መለኪያ ዘንግና እርሳስ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ፣ ዘንጉ ተጠርጎና እንደገና ተነክሮ ይነበባል፤ የተጨመረው መጠንና የኪሎ ሜትሩ ንባብ ይጻፋል። የመስኖ ሞተር ኪሎ ሜትር ስለሌለው የሚጻፈው ሰዓት ነው። ትራክተሮች የሥራ ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ አላቸው፤ ትንሹ ሞተር ግን የባለቤቱ ስልክ ላይ ያለው ሰዓት ይበቃዋል።

አጎቴ ሌላ ሞተር ከገዙ ወዲህ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው በአሮጌ ደብተሩ ጀርባ የሞተሩን መነሻና መቆሚያ ሰዓት ይጽፋል። ባለፈው ሳምንት ደብተሩን አየሁት፤ እስከ 64 ሰዓት ደርሷል፤ በመጀመሪያው 20 ሰዓት የተለወጠው ዘይትም በቀይ እስክሪብቶ ተመልክቷል። ከዚያ ወዲህ የተጨመረ ዘይት የለም። ሞተሩን የሚያስቀምጡበትን የወንዝ ዳርም በድንጋይ ደልድለውታል።